የጠፋችው ገጽ አራት

ሟቹ ከፍሳሽ ጉድጓዱ ሲወጣ የደረት ኪሱ ውስጥ የታጠፈ የሥልጠና ጽሑፍ ተገኘ። ሥልጠናው የተሰጠ ዕለት ተረኛ ስለነበር አልተካፈለም፤ ስለ ጉድጓዱ የተማረው ከዚህ ወረቀት ብቻ ነው። መርማሪዋ ገለጠችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት።

«ገጽ አራት የት ገባች?»

«ኮፒ አድራጊዋ ዘላት ነዋ!» አሉ የቆዳ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሰዓታቸውን እያዩ። «ሠላሳውም ቅጂ እንዲሁ ነው። ዝርክርክ ናት ብዬ ነበር።»

ኮፒ አድራጊዋ የሟቹ ታናሽ እህት ናት። መርማሪዋ ማሽኑ ሥር ኩርምት ብላ አገኘቻት።

«ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ። ስድስቱንም ገጽ ቆጥሬ በስቴፕለር ሽቦ የሰፋሁ መስሎኝ ነበር» ትላለች ደጋግማ።

መርማሪዋ የወረቀቱን ጥግ ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው። ደሟ ፈላ።

«ተነሽ እህቴ። ዓይንሽን ጥረጊና ተከተይኝ።»

እህትየውን፣ አሠልጣኙንና ሥራ አስኪያጁን አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ገጽ አራት ምን ትላለች?»

አሠልጣኙ ዋናውን ከቦርሳው አወጣ። «አየሩ በጋዝ መለኪያ ሳይለካ ማንም ጉድጓድ እንዳይገባ። ለመጡት በቃሌም ነግሬያቸዋለሁ።»

«መለኪያውስ?»

«ከተበላሸ ዓመት አለፈው።»

መርማሪዋ ቅጂዎቹን ጠረጴዛው ላይ ወረወረቻቸው። «ሽቦው ካለበት አጠገብ ሁለት ባዶ ቀዳዳ ይታያል፤ በሁሉም ላይ። አንድ ሰው ሽቦውን ነቅሎ እንደገና ሰፍቷል። ገጽ የዘለለ ሰው ምን ብሎ ይነቅላል? እሷ ስትሰፋ ገጽ አራት ነበረች።»

«እንግዲያው አሠልጣኙ ነዋ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«እሱ ቅጂዎቹን ለማኅተም ሲያስረክብዎ ‹ባለ ስድስት ገጽ፣ ሠላሳ ቅጂ› ብለው ፈርመውለታል። እዚህ ቤት ደግሞ ማኅተም የሚመታው ገጾቹን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ፣ በሁሉም ጠርዝ ላይ ነው። ከተመታ በኋላ አንድ ገጽ ቢወጣ ክቡ ይቆረጥ ነበር። ይኸው፣ ክቡ ሙሉ ነው! የተረከቡት ስድስት፣ ያተሙት አምስት። ማኅተሙ የማን መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቆለፈው?»

ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው ቀላ። «በቃል የተነገራቸውን ይረሱታል። ማኅተም ያለበት ወረቀት ከያዙ ግን ጠዋት ማታ መለኪያ አምጣ ይሉኛል!»

«ለሟቹ ግን በቃል የነገረው ሰው የለም!» መርማሪዋ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «የነበረው የእርስዎ ወረቀት ብቻ ነው! አምኖት ገባ!»

ፖሊስ ይዟቸው ሲወጣ እህትየው ቀና ብላም አላየቻቸው። ገጽ አራትን አንስታ ወደ ማሽኑ ሄደች።

«ስንት ቅጂ?» አላት አሠልጣኙ ቀስ ብሎ።

«ወረቀቱ እስኪያልቅ።»