የረገበ ጅማት

ገዳዩ ታውቆና አምኖ እጁን ከሰጠ በኋላ መርማሪ መጥራት ለወግ ያህል ነው። ዋና ሳጅን ዓይናዲስም ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ ቆላ ስትወርድ የተነገራት ይኸው ነበር፤ ሬሳውን እይ፣ ቃል ተቀበይ፣ ተመለሽ። ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም፤ መኪናዋም ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ በበሬ ተስባ ነው የወጣችው። አብሯት የመጣው ኮንስታብል በእውቀቱ የራሰ ጫማውን እያየ ሆድ ባሰው።

«ዋና ሳጅን፣ ይኼ እኮ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሰውዬው አምኗል።»

«ምኑን እንዳመነ ልየዋ» አለችው። ዓይናዲስ ቶሎ የተገኘ መልስ አትወድም፤ ባልደረቦቿም በዚህ ጠባይዋ ያሟታል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ትናንት አራት ሰዎች ፍልሰታ ሳይገባ ሥጋ እንቅመስ ብለው ከተከዜ በላይ ወዳለው ገደል አጋዘን ሊያድኑ ወጡ። አደኑ ክልክል መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ክረምት ግን የቆላውን ጎተራ ያራቁታል። ጠመንጃም አልያዙም፤ በዚህ ዘመን አንድ ጥይት ከጮኸ አገር ምድሩ ይነሣል። ስለዚህ የአያቶቻቸውን ደጋንና ፍላጻ አንግበው ሄዱ። መሪያቸው ዝናቸው እስከ ዝቋላ የሚሰማው ሽማግሌ አዳኝ አያ ሙሉሰው ናቸው። ሌሎቹ ቢምረው፣ አበልጁ ደረሰና ከዓረብ አገር የተመለሰው አሳምነው ነበሩ። የደረሰን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሣት ቢምረው ነው። አመሻሽ ላይ ሦስቱ አዳኞች ቢምረውን በቃሬዛ ተሸክመው ተመለሱ። ደረሰ በዝናቡ ውስጥ አጋዘን መስሎት አበልጁን ወጋው ተባለ፤ ደረሰም አዎ አለ።

ሬሳው በገዛ ቤቱ መደብ ላይ ተጋድሟል። ቄሱ ፖሊስ ሳያየው አይነካ ስላሉ ፍላጻው አልተነቀለም። ቀብሩ ግን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አፈር ከለበሰ በኋላ ደግሞ ሬሳ አይጠየቅም። ዓይናዲስ ሴቶቹን አስፈቅዳ ነጠላውን ገለጠች። ፍላጻው ከግራ አንገቱ ሥር ገብቶ ቁልቁል ወደ ልቡ ዘልቋል። ላባው የታሰረበት ክር ቀይ ነው። አውሬውን ማን እንደጣለው እንዲለይ አራቱም አዳኞች የየራሳቸው ክር አላቸው፤ ቀዩ የደረሰ፣ ነጩ የቢምረው፣ አረንጓዴው የአሳምነው፣ ጥቁሩ የአያ ሙሉሰው።

ጎንበስ ብላ የፍላጻውን ጭራ አየች። ላባው በቀይ ጭቃ ተለውሶ ደርቋል። የደጋኑ ጅማት የሚገባበት ስንጥቅም በዚያው ጭቃ ድፍን ብሏል። በጥፍሯ ብትነካው ጠንክሯል። የሟቹን ቀኝ መዳፍ ገለበጠች፤ እዚያም ቀይ ጭቃ አለ።

የሟቹ ሚስት ማንጠግቦሽ ከራስጌው ተቀምጣ ሁሉንም ታያለች። ስለ ደረሰ ስትጠየቅ የሟቹን ነጠላ አስተካከለች።

«ልጠላው እሞክራለሁ፤ አልሆነልኝም» አለች። «ከባሌ ጋር አንድ ገበታ ነበሩ።»

ዓይናዲስ ደረሰን ያገኘችው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። እጁ በገመድ ታስሯል፤ እሰሩኝ ብሎ የለመነው ራሱ ነው። ከዚያ ሆኖ የለቅሶው ድምፅ ይሰማዋል። ገዳይ ደግሞ በገደለው ሰው ለቅሶ ላይ አይቆምም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የደረሰ ዓይን ግን ደርቋል። ገድዬው እንዴት አለቅስለታለሁ አላት። ዓይናዲስ ብዙ እስረኛ አይታለች፤ እንደዚህ ያሳዘናት ግን አልነበረም።

እሱና አሳምነው ከታች፣ ከወንዙ ሸለቆ ውስጥ፣ እየተያዩ እንደነበሩ ነገራት። ቢምረው ከላይ ከቁጥቋጦው አውሬውን ሊነዳላቸው ወጥቷል።

«ፍላጻው ሲመታው አይተሃል?»

«አላየሁም። ቡናማ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ለቀቅሁት። ዝናቡ ዓይን አያስገልጥም ነበር።»

«ጮኸ?»

«አልጮኸም። ቆየት ብለው ነው አያ ሙሉሰው ከላይ የተጣሩት። ‹ደረሰ፣ ምን ሠራህ፣ ቢምረውን አንገቱ ሥር ወጋኸው!› አሉኝ። ሮጠን ወጣን። እንዳሉት ሆኖ አገኘነው።»

ደጋኑ ጥግ ላይ ተጥሏል። ጅማቱ ከፍየል ጅማት የተፈተለ ነው። ዓይናዲስ ሳበችው፤ እንደ እርጥብ መቀነት ተከተላት። ትናንትም እንዲህ ረግቦ ነበር ወይ ብትለው፣ ሲዘንብበት ውሎ እንዴት አይረግብ አላት፤ ለምን እንደጠየቀችው ግን አልገባውም።

ጠላት ይፈለግ ከተባለ አሳምነው ቅርብ ነበር። የቢምረውን እህት ለተሥላሴን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ቢምረው አሳፍሮ መልሶበታል። የደጋኑ ጅማትም ናይለን ነው፤ ዝናብ አይፈራም። እሱም ይህንን ስለሚያውቅ ገና ሳትጠይቀው ላብ ላብ ብሎታል። አፉን የፈታው በኽምጥኛ ስለሆነ አማርኛውን ቆጠብ እያደረገ ነው የሚናገረው። ሬሳውን ያነሡት ከገደሉ ላይ ካለው ዋሻ አፍ፣ ከደረቅ ድንጋይ ላይ መሆኑንና በጋቢ ተጠቅልሎ መሬት ሳይነካ ቤት መግባቱን ነገራት።

«ቢምረውን አልወደውም ነበር። ግን ከደረሰ ዓይን አልተለየሁም፤ ጠይቂው» አለ። «የደረሰ ጅማት ሲለቀቅ ሰምቻለሁ። የእርጥብ ጨርቅ ድምፅ ነው ያወጣው።»

«አያ ሙሉሰው የተጣሩትስ ከየት ነው?»

«እሳቸው ከማዶው ቋጥኝ ላይ ነበርኩ ይላሉ። ለእኔ ከዋሻው በኩል ነው የመጣልኝ። ስንደርስ ከሬሳው አጠገብ አልነበሩም፤ ገደል ድምፅ ያሳስታል ብዬ ተውኩት።»

የአያ ሙሉሰው ቤት ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የአጋዘን ቀንድ ነው። ዓይናዲስ በሩ ላይ ስትቆም ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ፤ ሰላምታ እስክትሰጣቸው ድረስ ግን ምንም አላሉም። ድምፅዋን ሲሰሙ ተነሡና በክብር አስቀመጧት። ከማዶው ቋጥኝ ላይ ቆመው እንደነበር፣ ሁሉንም እንዳዩ አጫወቷት።

«ቀዩ ክር በፊቴ ሲያልፍ በዓይኔ በብረቱ አየሁት ልጄ። አንገቱ ሥር ሲገባም አየሁ።»

«በዚያ ዝናብ? የተባረከ ዓይን ነው ያለዎት።»

«ንስር ይሉኛል» አሉ፤ ቀስ ብለው ፈገግ አሉ።

ዓይናዲስ ከዚያ ስትወጣ ለበእውቀቱ ሰዉን ሰብስብ አለችው። ቀብሩ ሊደርስ ነው፤ ሽማግሌዎቹም የዕርቁን ነገር ጀምረዋል። ያ ዕርቅ ካለቀ ደረሰ ዕድሜውን ሙሉ የአበልጁ ገዳይ ሆኖ ይቀራል።

በቀበሌው አዳራሽ ቄሱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የሟች ዘመዶችና ሦስቱ አዳኞች ተሰበሰቡ። ማንጠግቦሽም መጣች። አያ ሙሉሰው ከፊት፣ በክብር ቦታቸው ተቀምጠዋል። ዓይናዲስ ከሬሳው የተነቀለውን ፍላጻና የአዳኞቹን ዕቃ ይዛ በሩ አጠገብ ቆመች።

«ደረሰ ፍላጻ ለቋል» ብላ ጀመረች። «ፍላጻው ግን ቢምረው ዘንድ አልደረሰም።»

ደረሰ ቀና አለ።

«ይህን ጅማት ሳቡት» ብላ ደጋኑን ለቄሱ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ስበው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በረገበ ጅማት የተለቀቀ ፍላጻ ሽቅብ ገደል ወጥቶ ሰው አይገድልም። ጥቂት ሄዶ ጭቃ ላይ በጎኑ ይወድቃል። ወድቋልም። ላባውን እዩት፣ ስንጥቁንም እዩት፤ በቀይ ጭቃ ተደፍኗል። ቢምረው የተገኘው ደረቅ ድንጋይ ላይ ነው፤ ቤቱ እስኪገባም መሬት አልነካም። ስለዚህ ፍላጻው ጭቃ የነካው ቢምረውን ከመንካቱ በፊት ነው።»

«ታዲያ ሌላ ሰው አንሥቶ ወረወረዋ» አለ አንዱ ዘመድ፣ አሳምነውን በጎሪጥ እያየ።

«በምን ወረወረው? ስንጥቁ የተደፈነ ፍላጻ ጅማት ላይ አይቀመጥም፤ የአሳምነው ናይለንም ቢሆን አይገባበትም። ከጭቃው ከተነሣ ወዲህ ይህን ፍላጻ ደጋን አልነካውም። ቢምረው በእጅ ነው የተወጋው፤ ከላይ ወደ ታች፣ አጠገቡ በቆመ ሰው።»

ዓይናዲስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያነሣውም ራሱ ቢምረው ነው፤ ጭቃው መዳፉ ላይ አለ። ደረሰ ሲስት አይቶ፣ ሊቀልድበት ይመስለኛል፣ ፍላጻውን ይዞ ከዝናቡ ሊጠለል ወደ ዋሻው ወጣ። እዚያ የሚያምነው ሰው ነበር። ደረሰና አሳምነው ታች እየተያዩ ነበሩ። ከአራቱ አንድ ሰው ቀረ።»

የሁሉም ዓይን ወደ ፊት ወንበር ዞረ።

«እኔ ማዶ ነበርኩ አልኩሽ እኮ» አሉ አያ ሙሉሰው። «በዓይኔ አይቻለሁ።»

ዓይናዲስ ከዕቃው መካከል አንድ ፍላጻ መዘዘችና በበሩ ብርሃን ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«ያዩት ይኼን ነው?»

«እሱን ነው። ቀዩ ክር የደረሰ መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል።»

ማንጠግቦሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ የባሏን ፍላጻ አውቃዋለች።

«ክሩ ነጭ ነው፣ አያ ሙሉሰው። የቢምረው ነው» አለች ዓይናዲስ። «ከወንበርዎ እስከ በሩ ያላየ ዓይን ገደል ተሻግሮ አያይም። ታዲያ ማንም ሳይወጣ፣ አንገቱ ሥር መወጋቱን በምን አወቁ?»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ። በአንድ አፍታ ያረጁ መሰሉ።

«ዓይኔን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል» አሉ። «ቢምረው ብቻ ነበር የሚያውቅልኝ። አውሬውን በእኔ ባለጥቁር ክር ፍላጻ ይወጋና የአያ ሙሉሰው ነው ይላል፤ አገሩም እልል ይልልኛል። ትናንት ዋሻው ውስጥ ከእንግዲህ ቤት ይቀመጡ፣ አንድ ቀን ሰው ሳይጎዱ ለልጆቹ ልንገራቸው አለኝ። ቢሰድበኝ እችለው ነበር። አዘነልኝ። ፍላጻውን ዳብሱት፣ ደረሰ እንዴት እንደሳተ እዩት ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠው።»

«ደረሰንስ ምን አደረገዎት?»

«ምንም። ፍላጻው የእሱ ነው፤ ደንግጬ አፌ ቀደመኝ። ከዚያ ወዲህ መመለሻው ጠፋኝ።»

ዓይናዲስ በሽማግሌው ተናደደች፤ አሳዘኗትም። «ሞራ እኮ በሕክምና ይገፈፋል፣ አያ ሙሉሰው» አለቻቸው።

«እሱም እንዲሁ አለኝ። ሰቆጣ ወስጄ አሳክምዎታለሁ አለኝ።»

በእውቀቱ የደረሰን ገመድ ፈታ። ሰዎቹ ደረሰ ወይ እልል ይላል ወይ ይወድቃል ብለው ጠበቁት። እሱ ግን የተላላጠ እጁን እያሻሸ ወደ ማንጠግቦሽ ዞረና አንገቱን ደፋ።

«ለቅሶው ላይ መቆም እችላለሁ?» አላት።

ማንጠግቦሽ ተነሣች። ከትከሻዋ ላይ የባሏን ጋቢ አውርዳ ደረበችለት።

«ና» አለችው። «አበልጅህ ገና አልተቀበረም።»

ደረሰ ደጃፉን አልፎ ዝናቡ ውስጥ እንደገባ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ የቢምረውን ስም እየጠራ ድምፁን ለቆ አለቀሰ። ሴቶቹም ከሟቹ ቤት በኩል ለቅሶውን ተቀበሉት።