ያልታጨደው ቀይ መስመር

ባሕሩ ሲሸሽ እማማ ታቱን ያገኟት ለሽያጭ የምታበቅለውን የባሕር ሣር በገመድ መስመር በምታስርባቸው ችካሎች መካከል ነው፤ በግንባሯ ተደፍታ፣ ግንባሯ ተፈንክቶ። የጃምቢያኒ መንደር ሴቶች እያለቀሱ ወደ ዳር አወጧት። ከከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት በፊት መቀበር አለባት፤ ጎረቤቷ ኪዳዋ ደግሞ ለቀብሩ እንኳ ሳትቆም ልትታሰር ነው። ትናንት በችካል ድንበር ተጣልተው «ባሕር ይብላሽ!» ስትላት መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

ኢንስፔክተር ቩአይ ግን ችኩል ሰው አልነበረም። የሟችን የሽርጥ ጫፍ ፈታና ከቋጠሮው የመረብ መጠገኛ መርፌ አወጣ።

«ሣሩ በመርፌ ነው እንዴ የሚታሰረው?» ሲል ኪዳዋን ጠየቃት።

«በጣት ነው እንጂ! ቀልድ አማረህ ደግሞ?» አለችው፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «አዎ፣ ረግሜያታለሁ። ሠላሳ ዓመት አብረን ውሃ ስንገባ ያልተራገምንበት ቀን አለ? አሁን ማንን ልራገም?»

ሣር ገዢው ሹዋሪም አንገቱን ደፍቷል። «ያንን ቀይ መስመር እጨጂልኝ ብዬ ስንቴ ለመንኳት! የሌሎቹ ቀይ ሣር በሙቀት አለቀ፤ የተረፈው የሷ ብቻ ነው። ‹የዓሣ ጫጩቶች ያድጉበታል፣ ቤታቸውን አላፈርስም› አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ድሮ ባዶ አሸዋ ነበር፤ አሁን ስንቱ ፍጥረት ይርመሰመስበታል።»

የሟች ልጅ ማካሜ የዓሣ ቅርጫቱን ታቅፎ ይንሰቀሰቃል።

«ዛሬ የት አጠመድክ?» አለው ቩአይ።

«ከጥልቁ ባሕር፣ ጋሼ። አጠገቧ ብኖርማ...»

ለቅሶው የእውነት ነበር። ሐዘን ግን መዋሸትን አይከለክልም።

ቩአይ ሁሉንም አስከሬኑ አጠገብ ሰበሰባቸው።

«መርፌ ይዛ የወጣች ሴት፣ መረብ እንዳለ አውቃ ነው። መረቡ ግን የለም፤ ባለቤቱ ወስዶታል። ኪዳዋም ሹዋሪም መረብ የላቸውም።» ከማካሜ ቅርጫት አንድ ዓሣ አንስቶ ሆዱን ቀደደ፤ ገና ያልተፈጨ ቀይ ሣር ወጣ። «ይሄ ጥልቁ ውስጥ የለም፣ ልጄ። የእናትህ መስመር ላይ ብቻ ነው ያለው።»

ማካሜ ቅርጫቱን መሬት ላይ ጣለ።

«ዓሣ የቀረው እሷ ጋ ብቻ ነው! ስደርስ መረቤን በቢላ ቀዳ ጫጩቶቹን ትለቃለች። ተናደድኩ፤ ገፋኋት። ችካሉ መታት። ጠራኋት፣ ዝም አለች፤ ፈርቼ መረቤን ይዤ ሮጥኩ።» ፊቱን ሸፈነ። «ለዓሣ ስታዝን በኔ ምነው ጨከነች?»

ቩአይ መርፌውን መዳፉ ላይ አኖረለት። ክር ገብቶበታል።

«ለነሱ ቀደደችው፤ ላንተ ልትሰፋው ነበር።»

ማካሜ መርፌውን ጨብጦ እንደ ሕፃን ጮኸ። ኪዳዋ ልትረግመው አፏን ከፈተች፤ ግን አቅቷት ትከሻውን ያዘችው። ቩአይ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየና ሊያስረው ያወጣውን ካቴና ወደ ኪሱ መለሰው።

«መጀመሪያ እናትህን ቅበር» አለው።