ተቀባይ የሚሻ ዜማ

ትንሳኤ ያንን ልጅ መጀመሪያ የጠላችው በአንድ ስፕሪስ ግማሽ ቀን ስለሚቀመጥባት ነበር።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ያለችው ጁስ ቤቷ ጠባብ ናት። ማንጎውም ሙዙም የሚመጣው ከአባቷ ከአቶ ካሱ የጫኖ ማሳ ነው። አንዱ ጠጥቶ ካልተነሳ ሌላው ቆሞ ይቀራል። እሱ ግን ላፕቶፑን ዘርግቶ፣ ጆሮውን በትልቅ ማዳመጫ ደፍኖ፣ አንገቱን እንደ እንሽላሊት እየነቀነቀ ይውላል።

አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ አነሳችው።

«ወንድሜ፣ ብርጭቆህ እኮ ከደረቀ ቆየ።»

«ውይ፣ ይቅርታ! ሌላ አምጪልኝ።»

«ሌላውስ ይቆይ። ለመሆኑ ምንድን ነው እንዲህ የሚያስነቀንቅህ?»

ሳቀና ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮዋ ላይ አደረገላት። ከሥር የማይቸኩል ከበሮ፣ በላዩ የድሮ ክራር፣ ከዚያ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ ሳክስፎን። ዲፕ ሃውስ የሚባል የሙዚቃ ስልት ነው አላት። ስሙ ሰይፈሥላሴ ነው፤ ሰዉ ሰይፉ ይለዋል። ሴቻ ሰፈር ካለ ሆቴል በረንዳ ላይ ከሰዓት ሙዚቃ ያጫውታል። አባቱ መምህር ሽመክት በወጣትነታቸው ከጎጃም መጥተው እዚሁ ሲያስተምሩ የሸበቱ ናቸው። ልጃቸው አርባ ምንጭ ተወልዶ አርባ ምንጭ ቢያድግም ጋሞኛው ከሰላምታ አያልፍም።

«እንዴት ነው?» አላት።

«ፈጨኸው።»

«ምኑን?»

«ክራሩንም ሳክስፎኑንም። ስፕሪስ እኮ አይፈጭም። ማንጎው ማንጎ እንደሆነ፣ አቮካዶው አቮካዶ እንደሆነ ይደረደራል። የሚገናኙት አፍህ ውስጥ ነው።»

ሰይፉ አፍጥጦ አያት። ትንሳኤ የሚታጠብ ብርጭቆ ያለ አስመስላ ፊቷን አዞረች። አንድም የሚታጠብ ብርጭቆ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሰይፉ የሚመጣው ለጁሱ አልነበረም፤ ለጁሱ ነው ብሎ ይምላል እንጂ። የሠራውን ሁሉ መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ሆነች። እሷም በተራዋ የአባቷን የጋሞ ደጋ አገር ዘፈን በአፏ ልታሰማው ትሞክርና መሃል ላይ ታቆማለች።

«ለምን ታቋርጪዋለሽ?»

«ብቻዬን አይሆንልኝም። እኛ ጋ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይቀበላል። የተጣላ ሰው እንኳ ሲጠሩት ይቀበላል። ጠርቶ ተቀባይ ካጣ፣ ከስድብም ይብሳል።»

«እንግዲያው እኔ እቀበልሻለሁ።»

«አንተ? በምን አፍህ!» ብላ ሳቀችበት። ልቧ ግን እንደ መሳቋ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ሽማግሌ እልካለሁ ሲላት ብርጭቆውን ሳይጠይቃት ሞላችለት፤ ይህም እሺታዋ ነበር።

ሽማግሌው ሳይላክ አንድ ማለዳ ሰይፉ ሲመጣ ጁስ ቤቱን ተዘግቶ አገኘው። ስልኳ አይሠራም። አጠገቧ አትክልት የምትሸጠው ሴት «የዘመድ ጉዳይ ገጥሟት ከነቤተሰቧ ደጋ ወጣች» አለችው። ሰይፉ የዘመድ ጉዳይ ሲባል ሰርግ መሰለው። ናፍቆት አላስቀምጥ ቢለው ደጋ ላይ ወዳለችው ጨንቻ በሚሄድ መኪና ተሳፍሮ ወጣ።

ከመንገዱ ዳር ሰፊ ሜዳ ላይ ሰው ሞልቷል። ወንዶቹ ጦር ይዘው እየሮጡ ይዘላሉ፤ አንድ ድምፅ ይጠራል፣ መቶ ድምፅ ይቀበላል። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። ትንሳኤን በሕዝቡ መሃል ፈልጎ አጣት። ስልኩን አውጥቶ ድምፁን ቀዳ፤ ዝናቡ ሲመጣ ወረደ።

ከቀዳው ድምፅ ዘፈን ሲሠራ ምክሯን አልረሳም። አልፈጨውም፤ ድምፆቹን እንዳሉ ከማይቸኩለው ከበሮ ላይ ደረደራቸው። ስትመለስ ልትገረም ነው ብሎ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። የአርባ ምንጭ ባጃጆች እየተቀባበሉ አዳረሱት።

ትንሳኤና አባቷ ከደጋ የወረዱ ዕለት የተሳፈሩበት ባጃጅ ያንኑ ከፍቶ ነበር። አቶ ካሱ መጀመሪያ ጆሯቸውን ተጠራጠሩ። የሚጠራው ድምፅ የራሳቸው ነው። ሾፌሩ ትከሻውን እየሰበቀ ይነዳል።

«አቁም» አሉት።

ከሚወርዱበት ሳይደርሱ ወረዱና መንገዱ ዳር ቆሙ። «ወንድሜን የቀበርኩበት ልቅሶ ነው» አሉ። ትንሳኤ ማን እንደሠራው ከከበሮው አወቀች።

ሰይፉ እየሳቀ መጥቶ ፊቷን ሲያይ ሳቁ ከሰመ።

«ይዘሉ ነበር እኮ» አላት ሁሉን ስትነግረው። «ሰርግ መስሎኝ ነው።»

«እኛ ስናዝንም እንዘላለን!» እንባዋ ወረደ። «ማንን ጠይቀህ ቀዳኸው? እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ሰይፉ ሰበብ አላበዛም። ዘፈኑን ከቴሌግራም አወረደው። ከዚያ ከሲቀላ እስከ ሴቻ ባጃጅ እያስቆመ «እባካችሁ አጥፉት፣ ልቅሶ ነው» እያለ ለመነ። አንዳንዱ አጠፋለት፤ አንዳንዱ አበደ ብሎ ሳቀበት። ትንሳኤ ከጁስ ቤቷ ሆና ይህን አየች። ተቆጥታበታለች፤ ትወደዋለችም። ሁለቱም እውነት ነበር።

አቶ ካሱ ግን ልጁ ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ ሲሰሙ «የወንድሜን ሐዘን ያስጨፈረ ሰው ልጄን አያገባም» አሉ። አንዴ የተናገሩትን ደግሞ አያጥፉም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መምህር ሽመክትና ልጃቸው ጫኖ፣ አቶ ካሱ ግቢ መጡ። እርጥብ ሳር ይዘው ሙዙ ሥር ተንበረከኩ። ውኃ ገና የጠጣ መሬት ነበርና የመምህሩ የክት ሱሪ ጭቃ ለበሰ። በጋሞ እርጥብ ሳር የያዘን መመለስ ነውር ነው።

«ያላወቅሁትን እንደማውቅ ሆኜ በደልኩዎት፣ አባባ» አለ ሰይፉ፣ ሳሩን ወደ ፊት ዘርግቶ።

አቶ ካሱ ሳሩን ተቀበሉ። «ተነሡ። ቂም የለኝም» አሉ። «የልጄ ነገር ግን እንዳልኩት ነው።»

እንግዶቹ ተነሥተው ወደ አጥሩ በር አመሩ። ትንሳኤ ከቤቱ ደጃፍ ቆማለች። ያን በር ካለፉ እንደማይመለሱ ታውቃለች። አፏን ከፈተችና ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የሚጠራውን ዜማ ጠራች። ይህን ዜማ ጎረቤት ይጠራዋል፣ አክስት ትጠራዋለች፤ ሙሽራ ራሷ ጠርታው አታውቅም።

ጠርታ ጠበቀች። ማንም አልተነፈሰም።

እንደገና ጠራች። እናቷ ወይዘሮ ልክነሽ መቀበል ይችሉ ነበር፤ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ባላቸውን አዩ። አቶ ካሱ ፊታቸውን ወደ ሙዙ አዙረዋል። ልጃቸው በገዛ ግቢያቸው ጠርታ ተቀባይ አጥታለች።

ሦስተኛውን ልትጀምር ስትል የአባቷ ድምፅ መጣ። በልቅሶ የሻከረ፣ ከሥር የሚነሣ ድምፅ ነው። ፊታቸውን አላዞሩም፤ ግን ተቀበሏት። እናቷ ነጠላቸውን ጥለው ዜማው ውስጥ ገቡ፤ ከአጥሩ ማዶ ሙዝ የሚቆርጡት ጎረቤቶችም ገቡ።

የሰይፉ እጅ በልማድ ወደ ኪሱ ሄደ። ስልኩን ነካውና ተወው። አቶ ካሱ በመጨረሻ ዞር ሲሉ ይህን አዩ።

እየዘፈኑ ወደ በሩ መጡና ትከሻውን ያዙት።

«ቆመህ የምትሰማው እስከ መቼ ነው?» አሉት በትንፋሻቸው መሃል። «ልጄ እየጠራችህ እኮ ነው። ተቀበላት!»

ሰይፉ ቃሉን አያውቀውም። ትንሳኤን እያየ፣ ዜማውን ብቻ ይዞ፣ በተሰበረ ድምፅ ተቀበላት።