የአለበል ዋንጫ

አለበል በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ በ2006 ዓ.ም.፣ የደብረ ኤልያስ ገጠር ሰው ከሠልስቱ ተነሥቶ ድንጋይ አነሣ። ሸክላ ሠሪዋ የብርጓል፣ ድስት ስትሸጥለት፣ በዓይኗ በላችው ተብሎ ነው። አፈር ይብላው ይህን ወሬ! ኢንስፔክተር ጥሩብርሃን ባትደርስ ሴትዮዋ በደጇ ተወግራ ትቀር ነበር።

ጥሩብርሃን መበለቲቱን ማሬን ጠየቀች።

«ምን ቀመሰ?»

«ሽሮውን ሁላችንም በላን። ከዚያ ለእሱና ለወንድሙ ለሙላት ከአንድ ጆግ ተልባ ቀዳሁና ጓዳ ገባሁ። በማግስቱ ደም ያስመልሰው ጀመር።»

«የብርጓል እዚህ ቤት ገብታ ነበር?»

«ኧረ ማን ያስገባታል! ድስቱንም ከደጅ ነው የተቀበልናት።»

ከደጅ የማያሳልፏትን ሴት ነው ቤት ውስጥ ገደለች የሚሉት! ጥሩብርሃን ጆጉንና ሁለቱን የቀንድ ዋንጫዎች ይዛ ወደ ከተማ ላብራቶሪ ሄደች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁሉንም ሰበሰበች፤ ጥፍር የምታክል ካርድም አሳየቻቸው።

«ዓይን በማያየው የወርቅ ብናኝ ተቀብታለች። ወርቁ ላይ የጉሎ ፍሬን መርዝ ብቻ ለይቶ የሚይዝ ነገር አለ። መርዙ ፕሮቲን ነው፤ ሲያዝ በካርዷ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል። ከታጠበ ዕቃ እንኳ ታገኘዋለች። ጆጉ ንጹሕ፣ የሙላት ዋንጫ ንጹሕ። የአለበል ዋንጫ ስንጥቅ ውስጥ ግን ጉሎ አለ።»

«እንግዲያ ቀጂዋ ናት!» ብሎ ጮኸ ሙላት።

«ቆይ፣ አቶ ሙላት። ማሬ፣ ዋንጫዎቹን ማን አጠባቸው?»

«የሙላትን እኔ። የአለበልን ግን ከጓዳ ስወጣ ታጥቦ ተደፍቶ አገኘሁት።»

ጎረቤቷ ወለተ ጊዮርጊስ ከት ብላ ሳቀች። «አያ ሙላት ነዋ! በደጅ ሳልፍ ሲያጥብ አይቼ ‹ሚስት ሆንክ እንዴ?› አልኩት። ሚስቱ አራስ ሳለች ማንካ ያላነሣ ወንድ!»

«መርዙ ጆጉ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ የገባው ዋንጫው ውስጥ ነው» አለች ጥሩብርሃን። «ማሬ ጓዳ ስትገባ ከአለበል ጋር የቀረው አንድ ሰው ነው። እሱም የራሱን ዋንጫ ትቶ የሟቹን ብቻ አጠበ።»

«መሬቱ የእኔም አባት መሬት ነበር፤ እሱ ብቻውን ያዘው!» አለ ሙላት፤ ከአፉ ካመለጠው በኋላ ደነገጠ። አብረዋት የመጡት ፖሊሶች ያዙት።

ሽማግሌው አባ መሳፍንት ወደ የብርጓል ዞሩ። «እግዜር እውነቱን አወጣልሽ፤ ደስ ይበልሽ።»

«ደስ ይበለኝ? ይጁቤ የዳርኳትን ልጄን ባሏ ‹የቡዳ ልጅ› ብሎ አባረራት፤ በናንተ ወሬ! ተነሡና ሄዳችሁ ‹ዋሽተናል› በሉት።»

«ይጁቤ እኮ ሩቅ ነው፣ ልጄ።»

«እሷ በእግሯ ነው የመጣችው!»

አባ መሳፍንት አንገታቸውን ደፍተው ዱላቸውን ፈለጉ።