ጥሩው ቀበቶ

«በደንብ ሳቢው፣ ናጊሳ! ከላላ ኮሃሩ ሾልካ ትወርዳለች!» አለች እናቷ በወጥ ቤቱ መስኮት አንገቷን አውጥታ።

ናጊሳ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ጉልበቷን የትንሽ እህቷ የሕፃን ወንበር ላይ ተክላ ቀበቶውን ባለ በሌለ ኃይሏ ሳበችው። ጠበቀ። ያኔ ከሥር ጢጥ የሚል ድምፅ ሰማች። እንደገና ሳበች። አሁን ግን ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ ቀበቶውን የያዘው ቡሎን ከጣውላው ውስጥ ብቅ ብሎ ተመልሶ ገባ።

እጇን ለቀቀች።

ሚኒባሱ የአባቷ ነው። ነበር ማለት ይሻላል። አባቷ ቴፔይ የበጋው ሙቀት ሊያልፍ ሲል፣ ሥራ ቦታው ላይ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ እንደተቀመጠ ቀረ። ነገ አርባ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፤ በጃፓን ልማድ አመዱ የሚቀበርበት ዕለት። አጥንቱና አመዱ በሸክላ ዕቃ ሆኖ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሳሎን ተቀምጧል። ከሚኖሩባት ከማትሱሞቶ ተነስተው፣ ተራራውን አቋርጠው፣ ወደ ተወለደባት የባሕር ዳር ከተማ ወደ ኢቶይጋዋ ወስደው ከወላጆቹ መቃብር ያስገቡታል። ቤት ውስጥ የሸክላውን ዕቃ «ዕቃ» ብሎ የሚጠራው የለም። «አባዬ» ነው የሚሉት። «ሶታ፣ አባዬ ጋ ኳስ አትወርውር» ይባላል፤ የአምስት ዓመቱ ወንድሟ ሶታም «እሺ» ብሎ ለአባቱ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይቅርታ ይጠይቃል።

ቴፔይ የተንሸራታች በርና መስኮት አናጺ ነበር። ያለ አንድ ምስማር፣ እንጨትን ከእንጨት እያነከሰ የሠራቸው በሮች በከተማው ሞልተዋል። ታዲያ አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ የጉዞ ማደሪያ ሊያደርገው ሲነሳ በምን ይሠራዋል? በእንጨት ነዋ! የኋላውን ወንበር ነቅሎ በግድግዳው ጥግ ለጥግ ረጅም አግዳሚ ሠራ፤ ቀን መቀመጫ፣ ማታ ሲዘረጋ አልጋ። መጋጠሚያው ፀጉር አያስገባም። የተነቀለውን ወንበር ደግሞ በሰማያዊ ሸራ ጠቅልሎ ጎተራ አስቀመጠው። የመኪና ምርመራ ሲደርስ ወንበሩ ይመለሳል፣ ምርመራው ሲያልፍ ይወጣል። የሚያደርገው እሱ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ ሙሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው።

ናጊሳ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ የስልኳን መብራት ከአግዳሚው ሥር አበራች። የምታየውን አስቀድማ ታውቀው ነበር። ቡሎኑ የሚያልፈው በጣውላው ብቻ ነው። ከሥሩ ዳዶና ሮንዴላ የሚሉት ቀጭን የብረት ቀለበት፣ በቃ። ሮንዴላው እንጨቱን መብላት ጀምሯል። የመኪናው ብረት የት አለና?

አባቷ ቀበቶውን ያሰረ ቀን መብራት የያዘችለት እሷ ነበረች። «አባዬ፣ ይሄ እንጨት ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚያዘው?» ብላው ነበር።

«ለጊዜው ነው፣ ናጊዬ። በኋላ ብረት ይገባለታል» አላት መፍቻውን በጥርሱ ነክሶ።

ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ እጁን እያራገፈ ወደ ቤት ገብቶ፣ «ሳቶሚ፣ ጨረስኩ!» ሲል እናቷ አጨበጨበችለት። ብረቱ አልገባም። እሱም ሞተ። የሞተ ተጎዳ ይላሉ፤ የቀረውስ?

ከመኪናው ስትወርድ ዓይኗ የሕፃኗ ወንበር ጎን ላይ ካለው ሥዕል ላይ አረፈ። ወንበሩ ወደ ፊት ሲቀመጥ አረንጓዴ ክብ፤ ወደ ጎን ሲቀመጥ ግን ትልቅ ቀይ ኤክስ። የአባቷ አግዳሚ ወደ ጎን ነው የሚያየው።

እራት ላይ እናቷ ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ። አባቷ ከሞተ ወዲህ ናጊሳ የእናቷን ጥርስ አላየችም ነበር።

«አባዬ የት ነው የሚቀመጠው?» አለ ሶታ ሩዙን እያላመጠ።

«ጋቢና፣ ከእኔ ጎን። ቀበቶም አደርግለታለሁ።»

«ሞቶም ቀበቶ ያስራል?»

«ያስራል እንጂ! በሕይወቱ እያለ ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ፤ አሁን እምቢ የሚልበት አፍ የለውም» ብላ ነው የሳቀችው። ከዚያ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ቢያንስ በገዛ መኪናው ይሄዳል። እናንተ እሱ በሠራው ላይ ተቀምጣችሁ፣ እሱ ከፊት ሆኖ። እንዲህ ነበር የሚፈልገው።»

ናጊሳ አፏን ከፈተች። ስልኩ ቀደማት። አጎቷ ኢሳኦ ናቸው፣ የአባቷ ታላቅ ወንድም። ድምፃቸው ወፍራም ስለሆነ ስልኩ ድምፅ ማጉያ አያስፈልገውም።

«ያ መጫወቻችሁ ተራራውን ይወጣል ብለሽ ነው፣ ሳቶሚ? በባቡር ብትመጡ አይሻልም? የቴፔይን ሥራ እኔ ነኝ የማውቀው። ልጅ ሆኖ የሠራው ጀልባ እኮ ከወደቡ ሳይወጣ ነው የሰመጠው!»

«ይወጣል፣ ኢሳኦ» አለች እናቷ። ፊቷ ደም ለብሶ ነበር። ስልኩን ዘጋች። «ነገ ያዩታል። ዓይናቸው እያየ ከዚያ መኪና እንወርዳለን። አባታችሁ እጁ ጠንቃቃ ነበር፤ አይደለም እንዴ ናጊሳ?»

«ነበር» አለች ናጊሳ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ናጊሳ ግን ሌሊቱን ሙሉ ዝምታዋ ሆዷ ውስጥ ሲነቅዝ ተሰማት። ብትናገር እናቷ ያቺን አንዲት ሳቅ ታጣለች፤ አጎቷም «አላልኳችሁም?» ይላሉ፤ አባቷ በገዛ ቀብሩ ቀን መሳቂያ ይሆናል። ዝም ብትል ደግሞ… የተራራው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። የሦስት ዓመቷ ኮሃሩ ስትተኛ አንገቷ እንደ ጎመን ቅጠል ይታጠፋል። አንድ ኃይለኛ ፍሬን ብቻ ይበቃል።

ጎህ ሲቀድ የአባቷን መፍቻ ይዛ ሚኒባሱ ውስጥ ነበረች። አግዳሚውን ከወለሉ ጋር ካያያዙት ቡሎኖች የመጀመሪያው ወዲያው ተፈታ። ሁለተኛው አስቸገራት። በእግሯ መፍቻውን ስትገፋው በሩ ተንሸራተተ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

እናቷ በሌሊት ልብሷ ቆማለች።

«እማዬ…»

«ምን እየሠራሽ ነው አልኩሽ! የአባትሽን የእጅ ሥራ! በዛሬው ቀን!»

«አይይዝም።»

«ምኑ ነው የማይይዘው?»

«ቀበቶው። የታሰረው ጣውላው ላይ ነው፤ ከሥሩ ብረት የለውም።»

«ውሸት ነው። ጨረስኩ ብሎኛል። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«ለእኔ ደግሞ ለጊዜው ነው ብሎኛል። መብራት ይዤለት ነበር።»

«ታውቂ ነበር? እስከ ዛሬ ታውቂ ነበር?»

«ሳቅሽ እኮ!» አለች ናጊሳ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። «ትናንት ሳቅሽ! ምን ልበልሽ? ስንት ጊዜ ሆነሽ ካልሳቅሽ!»

እናቷ ወደ ውስጥ ገብታ የኮሃሩን ወንበር ቀበቶ ያዘች። ቀስ ብላ ሳበችው። ቀጥላም ባሏን የቀማትን ሁሉ የምትጎትት ይመስል በሙሉ ክብደቷ ሳበችው። ቡሎኑ ጢጥ ብሎ ብቅ አለ። ተመልሶም አልገባም።

ሁለቱም አዩት።

«እማዬ» አለች ናጊሳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከመኪናው ብረት ጋር የተያያዘው ጥሩው ቀበቶ ጋቢና ያለው ነው። እሱን ደግሞ ልናስርለት የነበረው ለአባዬ ነው።»

እናቷ የመኪናው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ፣ ትከሻዋ እየተርገፈገፈ አለቀሰች። ናጊሳም መፍቻውን እንደያዘች አጠገቧ ተቀመጠች።

«በራሱ ሥራ ልሸኘው ነበር እኮ» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ተናድጄበታለሁ። ሞቶ እንኳ ተናድጄበታለሁ።»

«እኔም።»

«በይ መፍቻውን ስጪኝ። ያ ቡሎን ለብቻሽ አይወጣልሽም።»

አግዳሚውን እንዳይፋቅ በብርድ ልብስ ጠቅልለው አወጡት። ወለሉ ላይ የአሮጌው ወንበር ማሰሪያ ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው በፕላስተር ተሸፍነው ነበር፤ ናጊሳ ስትልጣቸው ውስጣቸው ንጹሕ ነው፣ ዘይትም ተቀብተዋል።

«ሊመልሰው ነበር» አለች ናጊሳ።

እናቷ ቀዳዳዎቹን ለረጅም ጊዜ አየች። «ለምርመራው ይሆናላ» አለች። ከዚያ ግን ዘይቱን በጣቷ ነክታ፣ «ማን ያውቃል» አለች።

ከሸራው የወጣው ወንበር እንደ በሬ ይከብድ ነበር። በሁለት በኩል ይዘው፣ እያረፉ፣ ኧረ ቀስ እየተባባሉ አስገቡት። ቡሎኖቹ ብረት ላይ ሲጠብቁ ድምፃቸው ሌላ ነው። ኮሃሩና ሶታ የሕፃን ወንበሮቻቸው ላይ ወደ ፊት እያዩ ተቀመጡ። ናጊሳ እያንዳንዱን በሁለት እጇ ነቀነቀችው፤ የሚነቃነቀው መኪናው እንጂ ወንበሩ አይደለም።

«አንቺ ጋቢና ግቢ» አለቻት እናቷ፤ ጥቁር የሐዘን ልብሷን ለብሳ ነበር። ነጩን ጥቅል አመጣችና አመነታች። «ጥሩውን ቀበቶ አንቺ እሰሪ። አባትሽን ደግሞ ጉልበትሽ ላይ ያዢልኝ። ድሮም የበኩር ልጅ ነው የሚይዘው።»

መንገዱ ወንዙን ተከትሎ ከዋሻ ወደ ዋሻ ይገባል። የቀሉት ቅጠሎች መስታወቱ ላይ ይለጠፋሉ። ኮሃሩ ገና ከከተማ ሳይወጡ ተኛች፤ አንገቷ ወንበሯ ላይ ተደግፎ ጸጥ ብሏል።

«ናጊ» አለ ሶታ ከኋላ፣ «አባዬ ይከብዳል?»

«ትንሽ።»

«ተራ በተራ እንያዘው?»

«አንተ እዚያው ታስረህ ተቀመጥ።»

እናቷ በመስታወት ወደ ኋላ አየች። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሳቅ አልነበረም።

ኢቶይጋዋ ሲደርሱ ባሕሩ አመድ መስሎ ነበር። አጎቷ ኢሳኦ መቃብሩ በር ላይ ጥቁር ልብስ ለብሰው ቆመዋል። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ የሚኒባሱን ተንሸራታች በር ከፈቱት።

«የታለ ያ አልጋው? ያ ያለ ምስማር የተሠራው?»

እናቷ ቁልፉን ጨበጠች። ናጊሳ አንገቷን ወደ ኋላ አዞረች።

«ቤት ቀርቷል፣ አጎቴ። አባዬ የሠራው ለጊዜው ነበር። ለልጆቹ እንዲሆን ገና የሚቀረው ነገር ነበር።»

አሁን ይስቃሉ ብላ ጠበቀች። ኢሳኦ የተኛችውን ኮሃሩን አዩ። ወፍራም እጃቸውን ወንበሯ ላይ ጭነው ነቀነቁት። ንቅንቅ አላለም።

«ማን ነው ያሰረው?»

«እኔና እማዬ።»

ኢሳኦ እጃቸውን ከወንበሩ አነሱ። «ያቺ ጀልባ እኮ አልሰመጠችም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ ሰመጠች የምለው። ቴፔይ ሲናደድ ይደውልልኝ ነበር። ካላበሸቅሁት አይደውልም ነበር።» ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ። «ትናንትም ስልኩን አንስቼ ያልኩት በልማድ ነው። እንዲደውል።»

ሶታ ከወንበሩ ሆኖ «አይደውልም፣ አጎቴ» አላቸው በቀስታ፣ እንደ ማስረዳት።

ኢሳኦ ፊታቸውን ጠርገው በጋቢናው በኩል መጡ። ሁለት ክንዳቸውን ዘረጉ።

ናጊሳ ጥቅሉን እቅፍ አደረገችው። ጨርቁ በሰውነቷ ሙቀት ሞቋል። መንገዱን ሁሉ አልለቀቀችውም፤ አሁንም መልቀቅ አልፈለገችም። ከፈለገች ራሷ ይዛ መሄድ ትችላለች፤ የበኩር ልጅ ናት፤ የሚከለክላት የለም። የአጎቷን እጆች አየች። የአባቷን እጆች ይመስላሉ። አውራ ጣቱ አጭር፣ ጥፍሩ ሰፊ።

በአንድ እጇ ቀበቶውን ፈታችው። ጠቅ አለ።

«ይከብዳል» አለቻቸው። «በሁለት እጅዎ ይያዙት፣ አጎቴ።»