የሐጂ ሸኩር ፊት

ኢንስፔክተር የኔነሽ ከፈኑን ገለጥ አድርጋ ወዲያው መለሰችው። የሐጂ ሸኩር ፊት የምድጃ አመድ መስሏል። ያ ፊት ከዚያ በኋላ በሄደችበት ሁሉ ተከተላት።

የጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ሰው «ጂን ነው» ብሎ ጨርሶታል። የሐጂ ልጅ ሳዲቅ ግን ቀብሩን አስቁሞ ከሳሽ ሆነ፦ «አባቴን የገደለው ዶክተር ኤልያስ ነው፤ የብር ቅባቱ።»

ኤልያስ ለስኳር ሕመምተኞች ቁስል የሚሆን ቅባት በዓይን ከማይታይ የብር ብናኝ ይሠራል። ሳዲቅም የኤልያስ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። ክሱ ከጸና ኤልያስ ወህኒ ይወርዳል።

«ሐጂ ቅባቱን መቼ ጀመሩ?» አለችው የኔነሽ።

«ከዒድ በኋላ። ቤት ወስዶ እግራቸውን የሚቀባቸው ሳዲቅ ነው፤ እኔ ሐጂን አይቻቸው አላውቅም» አለ ኤልያስ።

«ፊታቸውስ መቼ ጠቆረ?»

«ከረመዳን በፊት» አሉ ባለቤታቸው እማማ ዙቤይዳ።

«ሌላ መድኃኒት ይወስዱ ነበር?»

«ወላሂ፣ አንድም።»

አስከሬኑን ያጠበው አብደላ ደግሞ፣ «የጠቆረው ፊትና እጃቸው ነው፤ እግራቸውም፣ ልብስ የሸፈነው ገላቸውም ደህና ነው» አላት።

የኔነሽ ሁሉንም በሐጂ ቤት ሳሎን ሰበሰበች።

«ፊታቸው የጠቆረው ቅባቱ ሳይጀመር ነው፤ በቅባቱ ቢሆን ደግሞ እግራቸው ይቀድም ነበር። ብር ሲጠጣ ግን ገላ ውስጥ ይቀመጥና ፀሐይ የሚያገኘውን ቆዳ ያጠቁራል። ሐጂ ጠጥተውታል፤ በስኳር ሕመም የደከመ ኩላሊታቸው አልቻለውም። ቅባቱ የሚሠራበት የብር ፈሳሽ ያለው ላቦራቶሪው ውስጥ ነው። እማማ፣ ምን ይጠጡ ነበር?»

«ዘምዘም ነዋ፣ የተባረከው ውሃ፣ ሳዲቅ ከሐጅ ተመላሾች የሚያመጣላቸው። እሱም መድኃኒት ተባለ እንዴ?» አሉና ጥግ ካለው ጀሪካን በሲኒ ቀዱ። «የሚተርፋቸውን እኔም ለበረካ እጠጣ ነበር።»

እውነትም ዘምዘምን ማን መድኃኒት ብሎ ይቆጥራል! የኔነሽ የእማማን ጥፍሮች አየች፤ ከሥራቸው ሰማያዊ ሆነዋል። ከዚያ ሳዲቅን ተመለከተች። ሲኒው ከንፈራቸው ሳይደርስ ሳዲቅ ዘሎ ነጠቃቸው።

«ሐኪሞች የአባቴን እግር ሊቆርጡት ነበር» አለ መሬት ላይ ተቀምጦ። «መድኃኒት አልወስድም ሲለኝ ከዘምዘሙ ጋር ደባለቅሁለት። ቁስል የሚያደርቅ ነገር ውስጥንም ያድናል ብዬ ነው። ሲጠቁር ፈራሁ፤ ሲሞት ደግሞ በሰው አላከክሁ። አንቺ እንደምትጠጪ ግን አላወቅሁም፣ እማ።»

እማማ ዙቤይዳ ጣቶቻቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጉ።

«ይለቃል፣ ኢልማኮ?» ሲሉ ልጃቸውን ጠየቁት።

ሳዲቅ ሊያሳስረው የነበረውን ሰው ቀና ብሎ አየ።

«አይለቅም» አለ ኤልያስ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያስ ልጄ፣ እጄን በሳምህ ቁጥር አባትህን ታየዋለህ» አሉ እናቱ።