ሳጥኑን ማን አስከፈታት?

አስማተኛዋ ጠረጴዛው ላይ በጎኗ ተጋድማለች። ከአውራ ጣት የማትበልጥ የእርሳስ ብረት ምስል ናት። ክረምቱን ሙሉ በሁለት የሕይወት ነጥብ ብቻ ከጉድጓዱም ከጭራቁም አምልጣ፣ ዛሬ አንድ ሳጥን ስትከፍት መርዛም ጭስ ገደላት። የምታጫውታት ሬኒ ኩቢያክ ዓይኗ ቀልቶ አጠገቧ ቆማለች።

«እትዬ ማርሊስ፣ ይሄ አደጋ አይደለም፤ ገድለውብኛል! ማን እንደሆነ ሳላውቅ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

ወይዘሮ ማርሊስ ጡረታ የወጡ የፖሊስ መርማሪ ናቸው። ምድር ቤታቸው በየሳምንቱ የሬኒና የጓደኞቿ ዋሻ ይሆናል፤ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕሪ በምስል እያንቀሳቀሰ የሚጫወተውን ይህን የተረት ጨዋታ የሚመራው ልጃቸው አልደን ነው።

«አንድ ቀን እዚህ እውነተኛ ሬሳ እንደማገኝ ልቤ ያውቃል» አሉ ደረጃውን እየወረዱ። «እስቲ ንገሩኝ፤ ሞተች ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሚልዎኪ ከተማ ለውድድር የሚሄደው ገጸ ባሕሪው በሕይወት ያለ ብቻ ነው» አለች ሬኒ። «እኔ ቀረሁ።»

ማርሊስ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አልደን፣ ሳጥኑን የፈተሸው ማነው?»

«ሌባው፤ የኩርቲስ ገጸ ባሕሪ ነው። ያገኘውን በጆሮው ነገርኩት። ምን እንዳልኩት ግን አልናገርም፣ እማዬ።»

«ለእኔም?»

«ለአንቺም። መሪ ምስጢር ካወጣ ጨዋታ የለም።»

«እንግዲያው ያለ አንተ እደርስበታለሁ።»

ከሞቷ ወዲህ የተጫዋቾቹን ምስሎች ማንም አልነካቸውም። ማርሊስ ጎንበስ ብለው ወረቀቱ ላይ የተሳለውን የዋሻ ክፍል ተመለከቱ። አስማተኛዋ ከሳጥኑ ፊት ወድቃለች፤ የሎርና ፈዋሽ ከጎኗ ናት። የዱዌይን ተዋጊና የኩርቲስ ሌባ ከበሩ ውጭ ቆመዋል።

«እኔም በአንድ ነጥብ ነው የተረፍኩት» አለች ሎርና።

«አንተስ ውጭ ምን ትሠራለህ፣ ዱዌይን?»

«እኔ ሁልጊዜ በር ጠባቂ ነኝ፣ እትዬ። ሬኒንም ሚልዎኪ በመኪናዬ ልወስዳት ነበር፤ ብትሞት ምን አተርፋለሁ?»

ኩርቲስ ሳይጠየቅ ትከሻውን ነቀነቀ። «ፈተሽኩ፣ ምንም የለም አልኩ። ሌባም ይሳሳታል። በሁለት ነጥብ ሳጥን የሚከፍት ደግሞ ራሱን ይውቀስ!»

«ዝም በል፣ አንተ አይጥ!» ጮኸች ሬኒ።

«ቆይ፣ የኔ ልጅ» አሉ ማርሊስ። «ኩርቲስ፣ ሳጥን የከፈተ ከሀብቱ መጀመሪያ ይመርጣል ሲባል ሰምቻለሁ። እስከ ዛሬ ሳጥን ለሌላ ለቅቀህ ታውቃለህ?»

«ኮቴ የሰማሁ መሰለኝ። ኮሪደሩን ላዳምጥ ወጣሁ።»

ማርሊስ ሁሉንም በጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጧቸው።

«ዱዌይን፣ እዚህ ማዳመጥ የፈለገ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ለመሪው ይናገራል። መሪው ባለ ቁጥሩን ጠጠር፣ ዳይሱን፣ ይጥልና የሰማውን ይነግረዋል።»

«ዛሬ ተጣለ?»

ዱዌይን ቀስ ብሎ ወደ ኩርቲስ ዞረ። «አልተጣለም። አጠገቤ መጥቶ ዝም ብሎ ቆመ።»

«ሎርና፣ የወጣው መቼ ነው?»

«መጀመሪያ ምስሉን አወጣ። ከዚያ ‹ደህና ነው፣ ክፈቺ› አላት።»

«በቃ» አሉ ማርሊስ። «ሊያዳምጥ የወጣ ሰው ሳያዳምጥ አይቆምም። ሳጥኑ ደህና ነው ብሎ ያመነ ደግሞ የመጀመሪያውን ምርጫ ጥሎ አይወጣም። ወረቀትህ ላይ እንደሚታየው አንተ ሦስት ነጥብ ብቻ ነው ያለህ። በጆሮህ የተነገረህን ፈርተህ፣ ከመናገርህ በፊት እጅህ ሌባህን አሸሸው። ጭሱን ታውቅ ነበር።»

የኩርቲስ ፊት ተለዋወጠ። «አዎ፣ አውቅ ነበር! በመከር የቀድሞ ገጸ ባሕሪዬን፣ ድንኩን፣ ጎብሊን በሚባሉ ጭራቆች መሃል ትታ በር ዘግታበት ሄደች። እየጮኸ ነበር! ያን ቀን ለኔ መርማሪ የጠራልኝ አለ?»

«በሩን ብከፍት ሁላችንም እናልቅ ነበር» አለች ሬኒ።

«ሞቷ ይሰረዝ?» ሲሉ ማርሊስ ጠየቁ።

አልደን ራሱን ነቀነቀ። «እዚህ ሙት አይነሳም።»

ሬኒ እንባዋን ጠረገች። «ይሁን፣ እቀራለሁ። ግን እናንተ ገና ከዋሻው አልወጣችሁም፣ አይደል?»

ዱዌይን ገባው። «መሪ፣ ያለንን አንድ ችቦ ይዤ ወደ መውጫው እሄዳለሁ። ከሎርና ጋር ብቻ።»

«ዱዌይን፣ አትቀልድ! ብቻዬን በጨለማ መውጫው ጋ አልደርስም! ሎርና፣ እባክሽ፣ አንቺ እንኳ...»

ሎርና ዞራ አላየችውም። ፈዋሿን አንስታ ከተዋጊው ኋላ አስቀመጠቻት። ሬኒ ወንበሯን ስባ ከኩርቲስ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

አልደን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኩርቲስ፣ ብርሃኑ ርቋል። ምን ታደርጋለህ?»